የልጅ ልጅዎ ታይላንድ ሊሄድ ነው?

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሰው «ሲስተር» ማለቱን አልተወም፤ ጥያቄውም አልቀረም። ድሮ የሚጠይቁኝ ስለ ደም ግፊትና ስለ ሕፃን ትኩሳት ነበር። አሁን አሁን ግን ከደካም ከቦንጋም ከአንድ በላይ እናትና አያት «ሲስተር፣ ቢጫ ካርድ የት ነው የሚሰጠው?» ብለውኛል። ተጓዡ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የሙያ ልማድ ነውና ስጠይቅ፣ «ታይላንድ ነው አሉኝ» ይላሉ። «አሉኝ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። አያት የምታውቀው ልጁ የነገራትን ነው፤ ልጁም የሚያውቀው ስልክ የደወለለት ሰው የነገረውን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ይህን አገር ላስተዋውቃችሁ። በአንዲት ዘመዳችን ሕክምና ምክንያት ባንኮክ ሦስት ሳምንት አስታማሚ ሆኜ ቆይቻለሁ፤ የቀረውን ያገኘሁት በንባብ ነው። አገሩ መልካም ነው፣ ሕዝቡም ጨዋ ነው። ችግሩ በታይላንድ ስም ሌላ ቦታ የሚወሰዱ ልጆች መኖራቸው ነው። አገሩን ያወቀ ቤተሰብ፣ ደዋዩ የሚያወራው ስለዚያ አገር መሆን አለመሆኑን ለመለየት አይቸገርም።

በመጀመሪያ ቢጫ ካርዱ። ካርዱ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ነው። ስሙ ወባ ይባል እንጂ ከምናውቀው ወባ ጋር ዝምድና የለውም፤ ትንኝ የምታስተላልፈው ቫይረስ ነው። ለእኛ አካባቢ ባዕድ በሽታ አይደለም። በፈረንጆቹ ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ ዙሪያ ተነሥቶ ወደ 30,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። ታይላንድ ትንኟ አላት፣ በሽታው ግን የላትም። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ካርዱን እንዲያሳይ ታስገድዳለች። ክትባቱ ከመድረሱ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዕድሜያችሁ ከ60 በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትከተቡ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ በእኛ ዕድሜ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የማምጣት ዕድሉ ከወጣቱ ይበልጣል። ነፍሰ ጡርና የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰውም እንዲሁ።

ወደ አገሩ እንግባ። የድሮ ስሙ ሲያም ነው፤ ታይላንድ የተባለው በ1931 ዓ.ም. ነው። ጎረቤቶቹን ሁሉ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሲከፋፈሏቸው እሱ ሳይገዛ ቀርቷል፤ ይህን ሲነግሩኝ እንዴት ባለ ኩራት እንደሆነ ያየ ሰው አዲስ አበባ ያለ ሊመስለው ይችላል። ሕዝቡ ወደ 70 ሚሊዮን ይጠጋል። ከአዲስ አበባ ባንኮክ በቀጥታ በረራ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዕድሜ የገፋ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ በአውሮፕላኑ መተላለፊያ ወዲያ ወዲህ ይበል፤ ለእግር ደም መርጋት መፍትሔው ይህ ነው።

ሙቀቱን እናንተ የቦንጋ ሰዎች ልትገምቱት አትችሉም። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አልፈን በደን ጥላ ውስጥ ነው የምንኖረው። ባንኮክ ያለችው ከባሕሩ ጥቂት ሜትሮች ከፍ ብላ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ እጅግ ይከብዳል፤ ላብ ይወጣል እንጂ አይደርቅም፣ ሌሊቱም አይቀዘቅዝም። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ደህናው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። የደም ግፊት መድኃኒት በተለይም የሚያሸና የሚወስድ ሽማግሌ ውሃ አጠጣጡን ሐኪሙ አስቀድሞ ይወስንለት።

እዚያ ቀን የምትነክስ ትንኝ አለች፤ ዴንጊ የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ከባድ ትኩሳት፣ ከዓይን ኋላ የሚሰማ ሕመም፣ አጥንት የሚሰብር ቁርጥማት ያመጣል። ሰው እዚያ እያለ ወይም በተመለሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ካተኮሰው አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ እንዳትሰጡት፤ ደም የመፍሰስ አደጋውን ያብሳሉ። ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ስጡት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ የት እንደነበረም ንገሩ።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። የዘመን አቆጣጠራቸው እንደ እኛ የራሳቸው ነው፤ የሚቆጥሩት ግን ከቡድሃ ዘመን ተነሥተው ስለሆነ ከፈረንጆቹ በ543 ዓመት ይቀድማሉ። እኛ 2017 ስንል እነሱ 2568 ላይ ነበሩ። ይህ ለወሬ ብቻ አይደለም። በመድኃኒት ዕቃ ላይ የሚያበቃበት ዓመት አንዳንዴ በእነሱ አቆጣጠር ይጻፋል፤ ያላወቀ ሰው መድኃኒቱ አምስት መቶ ዓመት የሚቆይ መስሎት ጊዜው ያለፈበትን ይውጣል። የቀን ሰዓትንም በድሮ አቆጣጠራቸው እንደ እኛ ከማለዳ ይጀምሩ ነበር፤ ፈረንጅ ስምንት የሚለውን ጠዋት ሁለት የሚል ሰው ዛሬም አለ። ሆስፒታሉ ግን የሚቀጥራችሁ በፈረንጅ ሰዓት ነው። 9 ቢላችሁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ከእኛም አራት ሰዓት ይቀድማሉ፤ እዚህ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ እኩለ ሌሊት ነውና ስትደውሉ አስቡ።

ሰውን የሚጠሩት በራሱ ስም ነው፣ ከፊቱ «ኩን» ይጨምሩበታል፤ እንደ እኛ አቶና ወይዘሮ ማለት ነው። የቤተሰብ ስም በሕግ የመጣባቸው በፈረንጆቹ 1913 ስለሆነ ዛሬም ብዙ አይጠሩበትም። በዕድሜ የሚበልጣቸውን «ፒ»፣ የሚያንሳቸውን «ኖንግ» ይላሉ፤ ዘመድ ባይሆንም እንደ ጋሼና እትዬ። እኔን የክፍሉ ነርሶች ገና በሁለተኛው ቀን «ፒ» ማለት ጀመሩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰላምታቸው «ዋይ» ይባላል። ሁለት መዳፍ ደረት ላይ ገጥሞ አንገት ዝቅ ማድረግ ነው። የሚጀምረው ታናሹ ነው፤ ሽማግሌ ከሆናችሁ ሲያደርጉላችሁ ፈገግ ብላችሁ መልሱ፣ ይበቃል። አንድ ነገር ግን አደራ። እኛ አያቶች ልጅ ስናይ እጃችን ወደ ራሱ ይሄዳል፣ ጸጉሩን ዳብሰን እንመርቃለን። እዚያ ራስ የተከበረ የሰውነት ክፍል ነው፤ የሰው ልጅ ራስ መንካት ነውር ነው። እግር ደግሞ የተናቀው ነውና እግርን ወደ ሰው ወይም ወደ ቡድሃ ምስል ዘርግቶ መቀመጥ፣ በእግር ዕቃ ማመልከት ያስቀይማል። ሰው ቤትና ቤተ መቅደስ ሲገቡ ጫማ ይወልቃል። ብርቱካናማ የለበሱ መነኮሳት ማለዳ ምጽዋት ለመቀበል ይወጣሉ፤ ሴት መነኩሴውን አትነካውም፣ ዕቃም በእጁ አትሰጠውም።

ንጉሣቸውን የሚመለከተው ነገር ቀልድ የለውም። ንጉሡን ወይም ቤተሰቡን መስደብ ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል፤ በስልክ የተጻፈም ይቆጠራል። ጠዋት በሁለት ሰዓትና ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት በየአደባባዩ የሕዝብ መዝሙር ሲሰማ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል፤ እናንተም ቁሙ።

በሚያዝያ 5፣ 6 እና 7 ቀን ሶንግክራን የሚባል የዘመን መለወጫ አላቸው። መንገድ ላይ ወጣቱ ውሃ ይራጫል። ቤት ውስጥ ግን ልጆችና የልጅ ልጆች ሽታ ያለው ውሃ በአያቶቻቸው መዳፍ ላይ እያፈሰሱ ምርቃት ይቀበላሉ። ከሰማሁት ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

ምግባቸው ሩዝ ነው። «በልተሃል ወይ?» ለማለት «ሩዝ በልተሃል?» ይላሉ፤ እኛ ለኑሮው ሁሉ እንጀራ እንደምንለው። ቃሪያቸው ከሚጥሚጣ አያንስም። ከዓሣ የተሠራ ጨዋማ ፈሳሽ በሁሉም ወጥ ውስጥ አለ፤ ደም ግፊት ያለበት ይጠንቀቅ። ለጾመኛ ግን መልካም ወሬ አለኝ። «ጄ» የሚባል ምግብ አላቸው፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይገባበት ነው። ቢጫ ሰንደቅ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለበት ቤት ገብታችሁ «ጄ» ብትሉ ዓቢይ ጾምን ያለ ችግር ትጾማላችሁ። ሙስሊም አንባቢዎቼም ሱኩምቪት በሚባለው ሰፈር ናና አካባቢ የሐላል ቤት አያጡም፤ እንጀራ የሚሸጥ የአበሻ ቤትም እዚያው አለ።

ቡናም አላቸው፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ የከፋ ሰው አይደለሁም። በሰሜኑ ተራራ የሚኖረው ሕዝብ ድሮ የሚያመርተው ኦፒየም ነበር። በፈረንጆቹ 1969 በንጉሣቸው የተጀመረ ፕሮጀክት በኦፒየሙ ፈንታ ቡናና ፍራፍሬ እንዲተክል አደረገ። የተከሉት አረቢካ ነው። የዘሩ መነሻ እንግዲህ የእኛው ደን ነው።

ለሕክምና የሚሄዱትን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የባንኮክ ትልልቅ የግል ሆስፒታሎች በእርግጥም የሚያኮሩ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ቡምሩንግራድ በፈረንጆቹ 2002 ጄሲአይ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የጥራት ምስክር ከእስያ ቀድሞ ያገኘ ነው። ዕድሩና ዘመዱ ብር ከማዋጣቱ በፊት ግን ሁለት ነገር ይደረግ። የሚያክመው ሐኪም ይህ ሕክምና አዲስ አበባ ይገኝ እንደሆነ በግልጽ ይጠየቅ። ከዚያም የሕክምና ወረቀቱ ለሆስፒታሉ ተልኮ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ይምጣ። የበሽተኛውን መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ያዙ፤ እንደ ዲያዜፓምና ትራማዶል ያሉት እዚያ ቁጥጥር ስላለባቸው ያለ ወረቀት መያዝ ያስጠይቃል።

አሁን ወደ ልጆቹ።

ልጁ የሚነገረው ይህ ነው፦ ባንኮክ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሥራ አለ፣ እንግሊዝኛ ከቻልክ ይበቃል፣ ደመወዙ በዶላር ነው፣ ትኬቱን ኩባንያው ይከፍላል፣ አንተ ለ«ፕሮሰስ» ይህን ያህል አምጣ። አያት በሬ ትሸጣለች፣ አባት የቡናውን ማሳ ወለድ አግድ ያስይዛል። ልጁ ባንኮክ ይወርዳል፣ ስሙን የያዘ ሰው ይቀበለዋል። መኪናው ግን ከተማው ውስጥ አይቆምም፤ ወደ ምዕራብ ሰባትና ስምንት ሰዓት ይነዳል። የመንገዱ ርዝመት ከቦንጋ አዲስ አበባ ካለው ብዙም አይለይም። መጨረሻው ሜ ሶት የምትባል የድንበር ከተማ ናት። እዚያ ሞኢ የሚባል ጠባብ ወንዝ አለ፤ ማዶው ምያንማር ነው፣ ጦርነት ያለበት አገር፣ ታጣቂዎች የሚያዙበት ጠረፍ። ወንዙን ከተሻገረ ፓስፖርቱን ይቀሙታል።

ሥራው በስልክና በኮምፒውተር የሰው ገንዘብ ማጭበርበር ነው። በሐሰት ስምና ፎቶ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሰው ጋር ፍቅር እየጀመሩ ገንዘቡን መብላት። በቀን አሥራ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ያሠሩታል። ኮታውን ያልሞላ ይደበደባል፣ በኤሌክትሪክ ይነዘራል። መውጣት የፈለገ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ክፈል ይባላል፤ ያኔ ስልኩ ወደ እናንተ ይደወላል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በምያንማር ብቻ ቢያንስ 120,000 ሰው በዚህ ሁኔታ ተይዞ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል።

በታኅሣሥ 2017 አንድ ቻይናዊ ተዋናይ የፊልም ሥራ ተብሎ ባንኮክ ከወረደ በኋላ በዚሁ መንገድ ጠፍቶ፣ ከቀናት በኋላ ራሱ ተላጭቶ ተገኘ። የእሱ ታዋቂነት ዓለሙን አስነሣው። የታይላንድ መንግሥት ጥር 28 ቀን ወደ እነዚያ ሰፈሮች የሚሄደውን መብራት፣ ነዳጅና ኢንተርኔት ቆረጠ። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. አንድ የታጠቀ ቡድን 260 ሰዎችን ወንዙን አሻግሮ ለታይላንድ ወታደሮች አስረከበ። ከ260ዎቹ ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከሃያ አገር ከተሰበሰበ ሰው ግማሽ በላዩ የእኛ ልጅ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ስለ እውነተኛዋ ታይላንድ ያወራነው እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ልጁ መጥቶ ሲነግራችሁ አትቆጡ፤ ቁጣ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ተደብቆ እንዲሄድ ነው። አስቀምጡትና ጠይቁት። ቪዛው የቱሪስት ነው ወይስ የሥራ? በቱሪስት ቪዛ መሥራት እዚያ ወንጀል ነው፤ ሥራ ያለው ሰው ከመሄዱ በፊት የሥራ ቪዛ ያወጣል፣ እዚያም የሥራ ፈቃድ ያገኛል። «መጀመሪያ በቱሪስት ግባ፣ በኋላ እንቀይርልሃለን» ካሉት ውሉ እዚያው ላይ ያብቃ። ሾፌር ወይም ጸጉር ሠሪ ትሆናለህ ካሉትም እነዚህ በአገሩ ሕግ ለዜጎች ብቻ የተተዉ ሙያዎች ናቸው። የግንባታና የፋብሪካ ጉልበት ሥራውን ደግሞ ከምያንማር፣ ከካምቦዲያና ከላኦስ የመጣ ሠራተኛ ነው የሚሠራው፤ በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው በጎረቤት እያለ ትኬት ቆርጦ ከከፋ ሰው የሚያስመጣ አሠሪ ማን ነው?

ቋንቋውንም አንሡበት። ታይ በዜማ የሚለይ ቋንቋ ነው፤ «ማ» የሚለው ድምፅ እንደ አነሣሡ ውሻ፣ ፈረስ፣ ወይም «መጣ» ይሆናል። እኛ «ገና» የሚለውን ስናላላና ስናጠብቅ እንደሚለየው፣ ግን ከዚያ ይከብዳል። ይህን የማይችል ልጅ የባንኮክ ቢሮ ውስጥ የትኛውን ደንበኛ ያስተናግዳል? ከዚያ የኩባንያው ስም፣ አድራሻና ከተማ በጽሑፍ ይምጣ። ሜ ሶት፣ ታክ፣ ወይም ሚያዋዲ የሚል ስም ካያችሁ አበቃ። ወደ ታይላንድ የሚገባ ሁሉ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት የሚሞላው የኢንተርኔት ቅጽ አለ፤ ነፃ ነው። ለእሱ ገንዘብ የጠየቀ ሰው በሌላውም ይዋሻችኋል።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ፣ ቁጥር 923/2008፣ ኤጀንሲ ሠራተኛ የሚልከው መንግሥት የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳደረገበት አገር ነው ይላል። ወረዳችሁ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱና «ከታይላንድ ጋር ስምምነት አለን ወይ? ይህ ኤጀንሲስ ፈቃድ አለው ወይ?» በሉ። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም። በሬው ከመሸጡ በፊት ይሁን እንጂ።

ሁሉንም ሰምቶ «እሄዳለሁ» ካለ፣ ቢያንስ አንድ የምስጢር ቃል ተስማሙ። በስልክ «ላሚቱ ወለደች ወይ?» ብሎ ከጠየቀ ችግር ላይ ነኝ ማለት ይሁን፤ አጠገቡ የቆመ ሰው አይገባውም። የፓስፖርቱን ኮፒ እቤት ያስቀር። ባንኮክ ከወረደ በኋላ ያለበትን ቦታ በስልኩ ካርታ ይላክላችሁ፤ ነጥቡ ከባንኮክ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ካያችሁ ወዲያው ደውሉለት። መኪናው ለነዳጅ ሲቆም ወርዶ የታይላንድ ፖሊስ ይጥራ። የእነሱ ፖሊስ ስልክ 191 ነው፤ የቱሪስት ፖሊሱ ደግሞ 1155 ነው፣ እንግሊዝኛ ይናገራሉ።

ከዚያ ተርፈው የተመለሱም አሉ። ለእነሱ ቤተሰብ እንደ ጤና ባለሙያ ልናገር። ልጁ እንቅልፍ ያጣል፣ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፣ ስልክ ማየት ይጠላል ወይም ከስልክ አይለይም። ሰውነቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ለጎረቤት አታሳዩ። ምን እንደሠራ አታስለፍልፉት፤ ሲፈልግ ይናገራል። ተጨናንቆ የኖረ ሰው ነውና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርግ፣ ጉበቱም ይታይ። እንቅልፉ በወር ውስጥ ካልተመለሰ፣ ወይም ስለ ሞት ካወራ፣ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ውሰዱት፤ ጠበል መሄዱን አልከለክልም፣ ሁለቱ አይጣሉም። ብድሩን በተመለከተ ደግሞ ማሳውን በወለድ አግድ የያዘው ሰው ጋ አባትየው ሁለት ሽማግሌ ይዞ ልጁ በሌለበት ይሂድ፤ ልጁ በገባ በሳምንቱ ባለዕዳ ደጅ ላይ ቆሞ ሲጮህ መስማት የለበትም።